የከፈተ ፊት ይቀመጣል

ከኪርጊዞች ዋና ከተማ ከቢሽኬክ ወጣ ብሎ በሚገኘው የመኪና ገበያ፣ አሮጌ ኮንቴይነሮች ጎን ለጎን ተደርድረው ሱቅ በሆኑበት ረድፍ፣ የአኒፓ ኮንቴይነር ከመጨረሻው ሁለተኛው ነው። በሩ ላይ በነጭ ቀለም «የጃፓን ስክሪን» ተብሎ ተጽፏል። በአንድ ወቅት አንድ ተሳላቂ ከሥሩ በከሰል «ሴትዮዋ» ብሎ ጨመረበት። አኒፓ አላጠፋችውም። ዝናብ ሲያደበዝዘው ብሩሽ አንስታ በዚያው ነጭ ቀለም ራሷ ደገመችው። ከዚያ ወዲህ ረድፉ ሁሉ «ሴትዮዋ ጋ ውሰደው» ነው የሚለው፤ ስድብ ይሁን አድራሻ የሚታወቀው በተናጋሪው ድምፅ ብቻ ነው።

ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ከተማው ገና ፍሩንዜ ይባል በነበረበት ዘመን የመለኪያ መሣሪያ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ በማይክሮስኮፕ እያየች ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎችን ትበይድ ነበር። በዚያ አዳራሽ አርባ ሴቶች ይሠሩ ነበር። ሲሠሩ አያወሩም፤ ትንፋሽ እንኳ እጅን ያነቃንቃል። አገር ፈርሶ ፋብሪካው ሲዘጋ የቀረው ዕቃ ለሠራተኛ ተከፋፈለ። ሌሎቹ ጠረጴዛና መጋረጃ ሲሸከሙ እሷ ማይክሮስኮፗን መረጠች። ባሏ እስኪሞት ድረስ በዚህ ይስቅባት ነበር። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ገበያ ውስጥ ካልሲ ሸጠች፤ ማይክሮስኮፑ አልጋ ሥር ተኛ። አልፎ አልፎ አቧራውን ልትጠርግ ስታወጣው ያ አዳራሽ፣ ያ ዝምታ፣ የእነዚያ ሁሉ ሴቶች ያጎነበሰ ማጅራት ፊቷ ላይ ድቅን ይልባት ነበር።

ካልሲውን ያስጣሏት የጃፓን መኪናዎች ናቸው። መሪያቸው በቀኝ የሆነ፣ አርጅተውም የማይሞቱ መኪናዎች በመርከብና በባቡር ተጭነው አገሩን ሞሉት። ዳሽቦርዳቸው መሐል ላይ አንዲት ስክሪን አለች፤ ካርታውም ማሞቂያውም ያለው እሷው ውስጥ ነው። ካርታዋ የምታውቀው ጃፓንን ብቻ ስለሆነ መኪናው ናሪን ከተማ ቆሞ እሷ ባሕር መሐል ታሳየዋለች። በዚህ የሚከፋ የለም፤ ይሳቅበታል እንጂ። ጉዱ የሚመጣው ስክሪኗ አርጅታ የጠቆረች ቀን ነው፤ ሙቀቱም አብሯት ይሄዳል። የረድፉ ወንዶች የሚያውቁት አንድ መላ ነበር። አሮጌዋን ነቅለው የቻይና ስክሪን ይለጥፋሉ፤ ለማሞቂያው አንዲት ማብሪያ ይቀጥሉለታል፤ ወይ ያቃጥላል ወይ ይጠፋል። አኒፓ ግን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን የማሞቂያውን ኮምፒውተር አትነካውም። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን ምልክት አንድ በአንድ አጥንታ ከአዲሱ ስክሪን ጋር ታገናኘዋለች። ጽሑፉን ሁሉ ወደ ኪርጊዝኛ መልሳዋለች። ከስክሪኑ ሥር ደግሞ ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀሉ፣ በጓንት የሚዞሩ ቁልፎች ታስገባለታለች። በረድፉ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ይህንን ይቅር ያላትም ሰው አልነበረም።

አንድ ዓመት በኅዳር ወር እሷ የሠራቻቸው ሁለት መኪናዎች ቶ-አሹ ተራራ ላይ ቀዘቀዙ። ቶ-አሹ ወደ ኦሽ ከተማ የሚሄድ ሁሉ የሚሻገረው ተራራ ነው፤ እዚያ ማሞቂያ ሲጠፋ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በረዶ ይይዛል፣ ሾፌሩ መንገዱን ሳይሆን ትንፋሹን ያያል። ሁለቱ መኪናዎች ተመልሰው ሲመጡ አኒፓ ገመድ በገመድ ፈተሸቻቸው። ምንም ጥፋት አላገኘችባቸውም። ኮንቴይነሯ ፊት ሞቀው ቆሙ። እንደገና ተራራ ወጡ፤ እንደገና ቀዘቀዙ።

ወሬውን የኦሽ መስመር ሾፌሮች ዘንድ ያደረሰው ጎረቤቷ ማይራምቤክ ነው። እሱም ስክሪን ይገጥማል፤ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ አፉ ቅቤ ነው። አንድ ጠዋት ሾፌሮች ኮንቴይነሩ ፊት ሻይ ሲጠጡ አኒፓ በዚያ ስታልፍ አስቆማት።

«ኤጄ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው፤» አላት። ታላቅ እህቴ እያለ ነው ሁልጊዜ የሚወጋት። «ብረት የሴት እጅ ያውቃል። ከተማ ውስጥ ይታዘዝልዎታል፤ ተራራ ላይ ሲደርስ ያኮርፋል።»

«እንግዲያው ባል ነው በለኛ፤» አለች አኒፓ፤ «ቤት ይሞቃል፣ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ማይራምቤክም ሳቀ፤ ግን አልለቀቃትም። ሦስተኛ መኪና ከቀዘቀዘ የኦሽ መስመር ሰው ደጇን እንደማይረግጥ፣ ደንበኛ የሌለው ኮንቴይነር ደግሞ ቦታ መያዝ እንደማይገባው የረድፉ ሰው ተነጋግሯል አላት። ማን ማን እንደተነጋገረ አልነገራትም። አኒፓ የሾፌሮቹን ፊት አየች። አንዳቸውም ቀና አላሉም።

የኮንቴይነሯን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ አሳየችው። «ሦስተኛው ከቀዘቀዘ ይህን ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ። ማንም አያባርረኝም፤ በእግሬ እሄዳለሁ። ግን የድሮው ደንብ ይከበር። የከፈተ ፊት ይቀመጣል።»

ደንቡን የረሳው አልነበረም፤ የሚያደርገው ነው የጠፋው። ረድፉ ገና ሲቆረቆር፣ ዳሽቦርድ ፈትቶ ማሞቂያ የነካ ባለሙያ መኪናው ተራራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሻገር ከሾፌሩ ጎን ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። መኪናው ከበረደ አብሮ ይበርደዋል። የእጅ ስልክ ከመጣ በኋላ ባለሙያው ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ «ትንሽ ታገሠው፣ ይሞቃል» ማለት ለመደ፤ ደንቡም በዚያው ቀረ።

ሦስተኛ መሆን የፈለገ ሾፌር አልነበረም። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ከጀርባ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቱርሱናሊ ነበር፤ ስልሳ ስድስት ዓመቱ፣ በኦሽ መስመር በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጥ ሾፌር።

«የኔን ክፈቺ፤» አለ። «ግማሽዋ ጠቁራለች። ሙቀቱም ደስ ሲለው ነው የሚመጣው።» ወደ መኪናዋ ዞር ብሎ «ፊት ወንበሩ ግን...» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። «እሺ። ደንብ ደንብ ነው።»

ያልጨረሰው ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ያቺን ነጭ ሰባት ወንበር መኪና እሱና ሚስቱ ቡሩል ፈረሶቻቸውን ሸጠው ነበር የገዟት። ቡሩል አሥራ አምስት ዓመት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ተራራውን ከእሱ ጋር ተመላልሳለች፤ ተሳፋሪ ታስተናግዳለች፣ የሚያጥወለውለውን ታባብላለች፣ ከጨው እርጎ የተጠቀለለ ነጭ እንክብል፣ ኩሩት፣ ታድላለች። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ቱርሱናሊ እዚያ ወንበር ላይ ዕቃ እንጂ ሰው አስቀምጦ አያውቅም።

አኒፓ ሁለት ቀን ሠራች። ዳሽቦርዱን ስትፈታ ከማሞቂያው ቱቦ ሥር አንድ የፀጉር መርፌና እንደ ጠጠር የደረቀ አንድ ኩሩት አገኘች። በካቻቢቴዋ ጫፍ ቀስ አድርጋ አወጣቻቸውና በጣሳ ክዳን አድርጋ ለቱርሱናሊ ሰጠችው። መርፌውን ኪሱ ከተተ። ኩሩቱን አገላብጦ አየውና እሱንም ኪሱ ከተተው። አሮጌዋ ስክሪን ስትነቀል ግማሽ ፊቷ ገና እንደበራ ነበር፤ ቀስቷ ባሕር መሐል ቆማለች። አዲሱ ስክሪን ሲበራ ሁሉም ነገር በአገር ቋንቋ ወጣ፤ የውስጡ ሙቀት፣ የውጭው ሙቀት፣ «ራስህ አስተካክል» የሚለው ትእዛዝ። ቱርሱናሊ መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብሎ አነበበ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ሲነካ እንደኖረ ያን ቀን ነው የገባው። ያን ሁሉ ዓመት ከሾፌር ሾፌር የተላለፈው ትምህርት አንድ ብቻ ነበር፦ ቀዩን ቀስት እስከ መጨረሻው ተጫን፣ ሌላውን አትንካ። አኒፓ በኩራት ሙቀቱን ሃያ አራት ላይ አደረገችለት። «ከዚህ በኋላ እሷ ታስብበት፤» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት አምስት ተሳፋሪዎች ተሳፈሩ፤ አንዲት ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ከመሐል ተቀመጡ። አኒፓ ፊት ወንበሩን ስትከፍት ቱርሱናሊ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ ነበር። ሁሉም መዳፋቸውን ለጸሎት ዘርግተው «ኦሚን» ብለው ፊታቸውን ዳሰሱና መኪናዋ ተነሳች። ማይራምቤክ ኮንቴይነሩ ደጅ ቆሞ እጁን አወዛወዘላቸው። የጠረጴዛው አንድ ጥግ ከወዲሁ ተጠርጎ ነበር።

ተራራው ግርጌ ያለው ነዳጅ ማደያ ላይ፣ ወደ ኦሽ የሚወጣ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ቆሙ። ተሳፋሪዎቹ ሻይ ሊጠጡ ገቡ። አኒፓ በመስኮቱ ቱርሱናሊን ታየዋለች። ከኋላ አንድ ከበግ ጠጉር የተዳመጠ ወፍራም ልባስ አወጣ፤ በመኪናዋ አፍንጫ ላይ፣ በፍርግርጉ ፊት ዘረጋው፤ በጠፍር አጥብቆ አሰረው። ሞተር በተራራው ብርድ እንዳይቀዘቅዝ ሾፌር ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ መኪናውን ያለብሳል፤ ሌላው ካርቶን ያስርለታል፣ የቱርሱናሊ ግን የቡሩል እጅ ሥራ ነው። በቀይ ክር የበግ ቀንድ ሐረግ ተጠልፎበታል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ከቀዩ ቀስት አጠገብ የነበረውን የጃፓን ፊደል፣ ምን እንደሚል ሳታውቅ፣ ስለወደደችው ብቻ ገልብጣ ጠልፋዋለች። አኒፓ ጥልፉ እንዴት ያምራል ብላ አሰበች። ሌላ ነገር አላሰበችም። ዕድሜ ልክ የታየ ነገር ዓይን ውስጥ አይገባም።

ከባሕር ጠለል ሁለት ሺህ ሜትር እስኪያልፉ መኪናዋ እንደ ዳቦ ቤት ሞቃ ነበር። አሮጊቷ ሻሻቸውን አላሉ። ከዚያ መጠምዘዣው ሲጀምር ከቀዳዳዎቹ የሚወጣው አየር ለዘብ አለ፤ ቀጥሎ ቀዘቀዘ። አኒፓ እጇን ከቀዳዳው ላይ አላነሳችም። የፊት መስታወቱ ጠርዝ ላይ በረዶ እንደ ሸረሪት ድር መዘርጋት ጀመረ። ከኋላ አንዱ ተሳፋሪ ቀስ ብሎ ይህች ያቺ የሴትዮዋ ሥራ እንደሆነች ለጓደኛው ነገረው።  ቱርሱናሊ በግራ እጁ በጓንቱ መስታወቱን ፈተገ፤ አልበቃም። ከዚያ የሚያውቀውን አደረገ። የማሞቂያውን ቁልፍ ይዞ እስከ መጨረሻው አዞረው።

ወዲያው ትኩስ አየር ጎረፈ። መስታወቱ አለቀሰ፣ ጠራ። አሮጊቷ ፈጣሪን አመሰገኑ። ቱርሱናሊ ትከሻው ወረደ፤ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«በቃ፣ እንዲህ ትሁን፤» አለ። «ደርሰናል ማለት ነው። ቁልፍሽን ኪስሽ አድርጊ።»

አኒፓም ኪሷን ዳሰሰች። ዝም ብላ ብትቀመጥ ኦሽ ትደርስ ነበር፤ ማይራምቤክም አፉን ይዘጋ ነበር። ግን ያ የአርባ ሴቶች አዳራሽ መጣባት። እዚያ አንድ መሣሪያ ተበላሽቶ በራሱ ከዳነ አያልፍም ነበር። ተቆጣጣሪዋ «ለምን እንደዳነ ንገሪኝ» ትላለች፤ መልስ ከሌለሽ እንደገና ትፈቺዋለሽ። አኒፓ ስክሪኑን መረመረችው። የውስጡ ሙቀት ትክክል ነው። የውጭው ሙቀት ላይ ዓይኗ ቆመ። ማደያው ጋ ከዜሮ በታች አሥራ አራት ይል ነበር። አሁን፣ በረዶው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው አክሎ ቆሞ፣ ከዜሮ በላይ ሠላሳ አንድ ይላል። የበጋ ሙቀት።

«ባይኬ፣ ያቁሙልኝ፤» አለችው፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው።

«ሞቃለች እኮ።»

«ስለሞቀች ነው።»

አሮጊቷ ከኋላ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ፈጣሪ ያሞቀውን አትነካኪ።»

«የነካካሁት እኔ ነኝ፣ እናቴ። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ካለፍኩ ነገ እዚህ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ይቀዘቅዛል።»

ቱርሱናሊ እያጉረመረመ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ አቆመ። አኒፓ ወረደች። ነፋሱ በሩን ከእጇ ነጠቃት። ወደ መኪናዋ አፍንጫ ሄዳ ተንበረከከች፤ ጓንቷን አውልቃ እጇን ከልባሱ ሥር ሰደደች። ውስጡ እንደ ብብት ይሞቃል። እዚያ ሙቀት ውስጥ፣ ከፍርግርጉ ጀርባ፣ የባቄላ ፍሬ የምታክለው የውጭ ሙቀት መለኪያ ተንጠልጥላለች። ከሞተሩ የሚመጣው ትኩሳት በልባሱ ታፍኖ እሷን ይቀቅላታል። እሷም ለኮምፒውተሩ ደጅ በጋ ነው ብላ ትነግረዋለች፤ ኮምፒውተሩም ሰዎቹ እንዳይሞቃቸው ብሎ ያቀዘቅዛል። አሮጌዋ ስክሪን ላይ ይህ ያልታየው ማንም ማንበብ ስለማይችል ነበር። ሁሉም ቀዩን እስከ መጨረሻው ሲጫን መኪናዋ ማሰብ ትተዋለች፤ ዝም ብላ ታቃጥላለች። እንድታስብ የፈቀደላት የአኒፓ ትርጉም ነው። ኮንቴይነሯ ፊት ደግሞ ማንም ልባስ አስሮ አያውቅም፤ የሚታሰረው ተራራው ሥር ነው።

በረዶው ላይ እንደተንበረከከች ሳቀች። ቱርሱናሊ ብርዱ ነካት ብሎ ወርዶ መጣ። ነገረችው።

«ላንሳው እንግዲህ?» አለ፣ እጁን ጠፍሩ ላይ አድርጎ። «ሞተሩ ግን ይሞትብኛል።»

«አይነሳም። ቀዳዳ ይበቃዋል። የሲኒ አፍ የምታክል፣ እዚህ ጋ።»

ሽማግሌው እጁን አነሳ። «ይህ የቡሩል ሥራ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከሞተች ወዲህ ሰው አልነካውም።»

«ወንበሯ ላይም ሰው አልተቀመጠም ነበር፣ ባይኬ።»

ነፋሱ በመካከላቸው አለፈ። ቱርሱናሊ እስከ መጨረሻው አዙሮ ቢነዳ ምን እንደሚጎድልበት ጠየቃት፤ አሥራ ስምንት ዓመት እንደዚያ ነድቷል። አኒፓ ምንም አይጎድልብዎትም አለችው፤ መንገዱም መኪናውም የእርስዎ ነው። «እኔ ግን ማይራምቤክን በዕድል አላሸንፈውም፤» አለች። «በዕድል የተሰጠ ነገር በዕድል ይወሰዳል። የሠራሁትን አውቄው ነው የምመለሰው፣ አለዚያ ቁልፉን አስቀምጣለሁ።»

ቱርሱናሊ ጥልፉን አየ። ከዚያ ከቡት ጫማው ውስጥ ቢላዋውን መዘዘ። አኒፓ ልትቀበለው እጇን ዘረጋች፤ አልሰጣትም። «አሳዪኝ፤» አለ። በጣቷ ከበበችለት፤ ከቀዩ ፊደል ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ። ራሱ ቆረጠው፤ በግ እንደሚያርድ ሰው ጥርሱን ነክሶ፣ ሳይቸኩል። የተቆረጠችውን ክብ ልባስ አራግፎ ሰጣት።

«ይዘሽው ሂጂ። እዚያ አሳዪያቸው።»

መኪናዋ ውስጥ ገብተው ቁልፉን ወደ ሃያ አራት መለሰችው። ሁሉም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ፤ አሮጊቷ ሳይቀሩ። ሠላሳ አንድ። ሃያ ሁለት። ስድስት። ዋሻው አፍ ሲደርሱ ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት አለ፤ ማሞቂያውም ማንም ሳይነካው እንደ አውሬ ጮኸ። ከኋላ ያ ስለ ሴትዮዋ ሥራ ያንሾካሾከው ሰውዬ ጃኬቱን አወለቀ። ዋሻው ውስጥ፣ በዚያ ረጅም ጨለማ፣ ቱርሱናሊ መንገዱን እያየ ከበሩ ኪስ አንዲት ከረጢት አውጥቶ አኒፓ ጭን ላይ አስቀመጠ። ኩሩት ነበር።

«ፊት የተቀመጠ ነው የሚያድለው፤» አላት።

አደለች። ለአሮጊቷ ሁለት ሰጠች።

በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ረድፉ ውስጥ ስትገባ ማይራምቤክ ደጁ ላይ ነበር። ሾፌሮቹም ነበሩ። አኒፓ ሰላም ሳትል ገብታ፣ በተጠረገው የጠረጴዛው ጥግ ላይ ያቺን ክብ ልባስ አስቀመጠች።

«ቁልፉስ?» አለ ማይራምቤክ።

«በኮንቴይነሬ በር ላይ።»

ነገሩን ለሾፌሮቹ ነገረቻቸው፤ ለእሱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከጥፋቷ ጀምራ። ቃሉን ተርጉማ መዘዙን እንዳልነገረቻቸው፣ ሁለቱ መኪናዎች የቀዘቀዙት በእሷ ሥራ ምክንያት እንደሆነ፣ የሚድኑትም በመቀስ እንደሆነ አልደበቀችም። ማይራምቤክ ክቧን ልባስ አገላበጣት።

«ይህችን ለማወቅ እንዲያ መሰቃየት ነበረብዎት፣ ኤጄ?»

«አንተስ ስንት ዓመት ስትገጥም ለምን አላወቅህም? ፊት ተቀምጠህ ስለማታውቅ ነው።»

ሾፌሮቹ በዚህ አልሳቁም። እርስ በርስ ተያዩ። በማግስቱ ስክሪን የተገጠመለት ሾፌር ሁሉ ባለሙያውን ከጎኑ ካላስቀመጠ ተራራ አልወጣም ማለት ጀመረ። ማይራምቤክ ሳምንት ሳይሞላው ቀዳዳ የወጣለት ልባስ ሰቅሎ ይሸጥ ነበር፤ የራሱ ፈጠራ ነው እያለ። አኒፓ አልተከራከረችውም። ክቧን ልባስ ከማይክሮስኮፑ በላይ በምስማር ሰቀለቻት። ቱርሱናሊ ወደ ኦሽ ሲያልፍ ጎራ ብሎ አያት፤ መልሽልኝ አላላትም። የቀዳዳውን ጠርዝ ራሱ በቀይ ክር ሰፍቶታል፤ ስፌቱ የወንድ ስፌት ነው፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር።

የጥር ወር ብርድ በጠናበት አንድ ጠዋት አኒፓ ከረድፉ ጫፍ ሞተር ሲነሳ ሰምታ ወጣች። ማይራምቤክ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ስቦ ስክሪን በገጠመላት አንዲት አሮጌ መኪና ፊት ወንበር ላይ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል፤ አፉ ዝግ ነው። በሩ አጠገብ ሄዳ መስኮቱን አንኳኳች። ዝቅ አደረገው።

«ካልሲ ደርብ፤» አለችው። «በዚያ በር ሥር ነፋስ ይገባል።»